የድመቷ አልጋ

አክስቴ ዙሌይካ ባዶ ጆንያ ስንት እንደሚሸጥ ጎረቤታችንን ሲጠይቁ የሰማኋቸው የስፌት መኪናዬ ላይ ክር ልሰካ ባጎነበስኩበት ነው። ጠዋት ነበር፤ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሄደዋል፣ ባሌ ኑርዬ ዓሣ ሊያጠምድ በሌሊት ወርዷል። መስኮታችን መስተዋት ስለሌለው ግቢ ውስጥ የሚወራ ሁሉ እቤት ውስጥ የተወራ ያህል ይሰማል። ጎረቤታችን ለተብርሃን፣ ባሏ የእህል መጋዘን ዘበኛ ስለሆነ፣ ባዶ ጆንያ ከቤቷ ጠፍቶ አያውቅም። እንደ ልማዷ እየሳቀች፣ "ምን ሊያደርጉት ነው እማማ ዙሌይካ? የሚከቱበት እህል መጣልዎ እንዴ?" አለቻቸው።

"ኧረ የምን እህል ልጄ። ለራሴ ነው" አሏት።

የለተብርሃን ሳቅ ተቋረጠ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ በነፃ ልስጥዎት ስትላቸው ሰማሁ። አክስቴ እምቢ አሉ። "ለዚህስ በነፃ አይሆንም። ለዚህ የሚሆነው በራስ ገንዘብ ነው የሚገዛ። ሁለት ነው የምፈልገው፤ አንዱ ያጥረኛል" አሉና ከመቀነታቸው ውስጥ ሳንቲም ሲፈቱ ሳንቲሙ ሲንቃጨል ሰማሁት። በዚያ በሰባ ሰባት ክረምት ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ ሰው ጆንያ ለራሴ ነው ካለ ምን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ከአምባሰል በውጫሌ በኩል እየተጓዘ ሲወርድ መንገድ ላይ የቀረው ሰው በምን ተጠቅልሎ እንደሚቀበር ሁላችንም አይተናል። ለተብርሃን ያልገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ዘንድ ነበር። አክስቴ ከፈን ነበራቸው። ከሦስት ቀን በፊት እኔ ራህማ፣ የወንድማቸው ልጅ፣ ቆርጬ የድመት አልጋ ሰርቼበታለሁ።

ነገሩን አሳምሬ ላወራው እችላለሁ፤ ለራሴ ሦስት ቀን ሙሉ አሳምሬ ስነግረው ነው የከረምኩ። እትዬ ተሾመች የጓድ አሻግሬ ሚስት ናት። ጓድ አሻግሬ ደግሞ በከተማችን ካሉት ባለሥልጣኖች አንዱ ነው፤ የራሽን ካርድ የሚፈረመው በእሱ እጅ ነው። አክስቴ ግንቦት ላይ ከአገራቸው ተሰደው እኔ ቤት ሲገቡ ስማቸው የትም አልተጻፈም ነበር። ስማቸው የትም ያልተጻፈ ሰዎች ደግሞ ከመንገድ እየተለቀሙ ለሰፈራ ይጫናሉ እየተባለ ይወራል። ስለዚህ እትዬ ተሾመች ቤቷ አስጠርታ፣ ባሏ ለትምህርት ከሄደበት አገር ያመጣውን መጽሔት ገልጣ፣ ክብ አልጋ ላይ የተኛች የፈረንጅ ድመት ስታሳየኝ፣ እኔም እሰራለሁ አልኩ። እውነት ነው፣ ስለ ካርዱ ነው። ግን ስለ ካርዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ድመቷን ሁለት ጊዜ ባልለካኋት። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሥር ለካሁ፤ ተጠቅልላ ስትተኛ ደግሞ ዙሪያዋን ለካሁ። ሴትየዋ "አቤት ጥንቃቄሽ! የአዲስ አበባ ሰፊ እንኳ እንዲህ አያደርግም" ስትለኝ ደስ ብሎኛል። እቤቴ እስክደርስ ደስ እንዳለኝ ነበር። ይሄንን ካልተናገርኩ የቀረው ሁሉ ውሸት ነው።

አልጋው አንድ ሳንቲም አላስወጣኝም። ኑርዬ ከሐይቁ ዳር ፊላ አጭዶ አመጣልኝ፤ እሱን በውኃ አርሼ እንደ ሰፌድ እየጠመጠምኩ በአሮጌ መረብ ክር ሰፋሁትና መቀመጫ ወጣው። ለሙሌቱ ከመኪናዬ ሥር ያለውን የቁርጥራጭ ካርቶን ገለበጥኩ፤ የተቀደደ ሹራብ እጅጌ፣ ነጠላ የቀረ ካልሲ፣ ከአሮጌ ኮት ትከሻ የወጣ ጥጥ፣ ሁሉንም በመቀስ እንደ ጎመን ከትፌ ደለደልኩት። ሰው ቢተኛበት እንኳ የሚመች ነበር። የጎደለው ልብሱ ብቻ ነው። እትዬ ተሾመች "ነጭ ይሁን፣ ቁንጫ እንዲታይ" ብላለች። ነጭ ጨርቅ ከየት ይምጣ? በቀበሌው ሱቅ አቡጀዲ ከታየ ሁለት ወር አልፎታል። ሴትየዋ ጨርቅ ልስጥሽ ወይ ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የልብስ ሰፊ ቤት ጨርቅ አያጣም ብዬ የተኩራራሁት። እና የአክስቴ ጓዝ ከሚተኙበት ቁርበት በላይ፣ ችካል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እሳቸው ግቢ ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተዋል። ፈታሁት። ከአሮጌ ቀሚስና ከሙስበሃ መቁጠሪያቸው ሥር አራት ጊዜ የታጠፈ፣ ጠርዙ ያልተነካ አቡጀዲ አገኘሁ። ሳነሳው ሽቶ ሸተተኝ፤ የሱቅ ሽቶ አይደለም፣ ከጠብታ የማያልፈው፣ ሐጂዎች የሚያመጡት። የእስላም ልጅ ነኝ፤ የእናቴ ከፈን ሳጥን ውስጥ ሆኖ ምን እንደሚሸት አውቃለሁ። አፍንጫዬ ነገረኝ። እኔ ግን ከእርዳታ ያገኙት ጨርቅ ነው፣ ሱቅ ሲገባ እተካለሁ አልኩና መቀሴን አነሳሁ። ሰው ሳያውቅ ቢያጠፋ ይቅር ይባላል። እኔ እንዳላውቅ ተጠንቅቄ ነው ያጠፋሁት።

ያን ጠዋት አክስቴ ሳንቲማቸውን ከፍለው ሲጨርሱ ጓዳ ገብቼ ጓዛቸውን አየሁት። አስተሳሰሩ የእኔ አልነበረም። እኔ ያሰርኩት በአንድ ቋጠሮ ነበር፤ አሁን የእሳቸው የራሳቸው ሁለት ቋጠሮ ነው ያለበት። ፈተውታል፣ አይተውታል፣ መልሰው አስረውታል። መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት በዚያኑ ቀን። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ በልተዋል፤ የልጆቼን ራስ ቅማል ለቅመዋል፤ የመኪናዬን ዘይት ሲያልቅብኝ አይተው ከለተብርሃን ለምነው አምጥተውልኛል። አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ትናንት ምሳ ላይ ግን የጎረሱትን እያላመጡ መሬት ላይ የወደቀች ነጭ ክር አንስተው በጣታቸው ጠቀለሏትና ከትሪው ጎን አስቀመጧት። እኔም ክሯን አየሁ፣ እሳቸውም ማየቴን አዩ፤ ከዚያ ሁለታችንም ስለ ዝናቡ አወራን።

ከጨርቁ ሁለት ክንድ ያህል ተርፎኝ ነበር። እሱን አጣጥፌ፣ መቀስና መርፌ ጨምሬ፣ ዘምቢሌ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። ሐሳቤ እትዬ ተሾመች ቤት ሄጄ ያስረከብኩትን አልጋ መልሼ መፍታት ነበር። ስፌት መፍታት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ታጥቦ፣ ተገጣጥሞ፣ ያልተነካ ባይመስልም ሰውነት ይሸፍናል። ለእትዬ ተሾመች የምላትን መንገድ መንገዱን አጠናሁት። ጨርቁ የሰው አደራ ነበር፣ በስህተት ነው የቆረጥኩት፣ ሌላ እሰራልሻለሁ፤ ይኸው ነው፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር። ከመኪና መንገዱ ዳር እህል የጫኑ መኪናዎች ቆመው ሹፌሮቹ ጎማ ሥር ተኝተዋል፤ ትልቁ መፈክር በዝናብ ታጥቦ ግማሹ አይነበብም። ከሥር ሐይቁ ይታያል፤ ከታንኳዎቹ አንዱ የኑርዬ ይሆናል። ኑርዬ ነጭ ጨርቅ ከየት አመጣሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ቤታችን ውስጥ የማይጠይቅ ሰው ሞልቶናል።

የእትዬ ተሾመች ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጫማ አውልቆ ሲገቡ እግር ይቀዘቅዛል። ሬዲዮው በእጅ በተጠለፈ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ቁምሳጥኑ መስተዋት አለው፣ የገባ ሰው ሁሉ ራሱን ሙሉ ያያል። ዘምቢሌን ይዤ ራሴን አየሁና ዓይኔን መለስኩ። ሴትየዋ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። ወላሂ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። እጄን ይዛ እየጎተተች "ነይ፣ ነይ እይልኝ፣ ደግሞ ልልክብሽ ስል መጣሽ" አለችኝ። ከአልጋዋ ጎን፣ ጥግ ላይ፣ የሰራሁት ፊላ ክብ ተቀምጧል። ድመቷ ወልዳበታለች። አራት ናቸው፤ ዓይናቸው አልተገለጠም፣ ሆዷ ሥር ተደርድረው ይጠባሉ። ነጩ አቡጀዲ መሐሉ በደም ርሶ ደርቋል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቢጫ ነገር አለ። ሴትየዋ ተንበርክካ "አየሽ እንዴት እንደወደደችው? ካርቶን አዘጋጅቼላት ነበር፣ እምቢ ብላ እዚሁ" ትላለች። እኔ ያጠናኋቸውን ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች እፈልጋለሁ።

"እትዬ፣ ጨርቁ..." አልኩ።

"ምን ሆነ ጨርቁ?" ብላ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር፣ እንደ ሕፃን። ከበስተጀርባዋ ጠረጴዛው ላይ፣ የአበባ ማስቀመጫ ተጭኖበት፣ አንድ ካርድ አየሁ። ዓይኔን ተከትላ አየችና "አዎ፣ እሱ ያንቺ ነው፤ ጓድ አሻግሬ ጠዋት ፈርሞበት ነው የወጣ። የአክስትሽ ስም ገብቷል" አለችኝ።

"ጨርቁ ይታጠባል" አልኳት።

ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አገኛታለሁ። አደራ ነው ልል ሄጄ፣ ይታጠባል አልኩ። ሴትየዋ ሳቀችና ቁምሳጥኑን ከፈተች፤ ልታሳየኝ አይደለም፣ ለድመቷ ማንጠፊያ ቡትቶ ፍለጋ ነው። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያልተፈታ ጣቃ አቡጀዲ ተቀምጦ ነበር። አየሁት። "ከጎደለሽ ንገሪኝ እኮ፣ ያኔም ልስጥሽ ስል ሞልቶኛል ብለሽ ነው" አለችኝ እጇን ቡትቶው ውስጥ እንደከተተች። ስጪኝ ማለት ይቻል ነበር። ግን ስጪኝ ካልኩ ለምን ትለኛለች፤ ለምን ካለችኝ የአክስቴን ከፈን ለድመትሽ ቆርጬ ልላት ነው። እሷ ክርስቲያን ናት፣ የሌላ አገር ሰው ናት፤ ስለ እኛ ምን ትላለች ብዬ አሰብኩ። በዚያች ሰዓት የታየኝ የአክስቴ ሬሳ አይደለም፤ እሷ ለባሏ ማታ ስታወራለት ነው የታየኝ። ዝም አልኩ። ቁምሳጥኑ ተዘጋ፣ እኔም ተመልሼ መስተዋቱ ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ ዘምቢሌን አየችው። የታጠፈው ነጭ ጨርቅ ከላይ ነበር። "ትራፊ ይዘሽ መጥተሻል እንዴ? እንዴት ያለሽ ብልህ ነሽ! ከሁለት ሳምንት በኋላ እኮ መሮጥ ይጀምራሉ፤ መጽሔቱ ላይ መጫወቻ አላቸው፣ አይጥና ኳስ" ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ተቀመጥኩ። ሻይ በብርጭቆ፣ ስኳር ያለው ሻይ፣ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ፤ ጥጥ፣ ክር፣ አሮጌ ካልሲና የደረቀ ባቄላም አቀረበችልኝ። ያን ሁለት ክንድ አወጣሁና ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በመዳፌ አስተካከልኩት። ሽቶው አሁንም ነበረው። ስንዝር ያህል ቀድጄ፣ አጥፌ፣ ጥጥ ሞልቼ አይጥ ሰራሁ፤ በጥቁር ክር ዓይን፣ ከክር ጉንጉን ጭራ። ከሌላው ቁራጭ እንደ ጠፍር ቀጭን ቀጭን አድርጌ ቀደድኩና አሮጌ ካልሲ ላይ ጠምጥሜ ኳስ አደረግሁት፤ ውስጡ እንዲንኮሻኮሽ የደረቀ ባቄላ ጨመርኩበት። የቀረችውን በክር አስሬ ከወንበሩ ክንድ ላይ አንጠለጠልኳት። እጄ ሥራ ይወዳል፣ ምንም ነገር ላይ ሲሠራ አያፍርም። ሴትየዋ የተንጠለጠለችውን ስታወዛውዛት ድመቷ ከተኛችበት ቀና ብላ አንዴ በመዳፏ መታቻትና ወደ ልጆቿ ተመለሰች። ሁለታችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ሻዬን እስከ ታች ጠጣሁና ካርዱን ይዤ፣ ባዶ ዘምቢል አንጠልጥዬ ወጣሁ።

እቤት ስደርስ ከሰዓት በኋላ፣ የአሱር ሶላት ሰዓት ነበር። ሁለቱ ጆንያዎች ታጥበው አጥሩ ላይ ተሰጥተዋል፤ አንዱ ላይ የፈረንጅ ፊደል አለበት፣ በሳሙና ብዛት ሊለቅ ትንሽ ቀርቶታል። አክስቴ ሰግደው ጨርሰው ቁርበታቸው ላይ ተቀምጠዋል። ካርዱን ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ገለባብጠው አዩትና ስማቸው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። "አልሀምዱሊላህ። አሁን የሐይቅ ሰው ሆንኩ በይኛ" አሉና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ባዶውን ዘምቢል ዓይናቸው ያዘው። እንዴት እንዳወቁ አልገባኝም፤ ምናልባት ጠዋት ስወጣ አይተውኛል።

"ድመቷ ደኅና ናት?" አሉኝ።

"ወልዳለች።"

"እሰይ። ስንት?"

"አራት።" እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። "አክስቴ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከፈን መሆኑን አውቄያለሁ። ሽቶው ሸቶኛል። ዛሬ ላመጣው ሄጄ የቀረውንም መጫወቻ ሰርቼበት መጣሁ።"

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ብዬ ለመንኩም። ሙስበሃቸውን አንድ ሁለት ፍሬ አሳለፉና "ሂንድን ታውቂያት ነበር?" አሉኝ። ሂንድ የልጃቸው ልጅ ናት፤ ስትወለድ ለልደቷ ድግስ፣ ለሸንጎቤት ሄጄ አቅፌያታለሁ። እሳቸው ብቻቸውን ሲመጡ የት ቀረች ብለን ጠይቀናቸው፣ አላህ ወሰዳት ብለው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሳውም። "ውጫሌ ልንገባ ስንል ነው። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ግን ከስታ ይህችን ታህል ነበር" ብለው በክንዳቸው ለኩልኝ። "ሰዎቹ መቅበሪያ ጨርቅ ያለው አለ ወይ አሉ። ጓዙ ብብቴ ሥር ነው። ግማሹ ይበቃታል። እንዲያውም ሩቡ። ኋላ እኔስ? አልኩና ዝም አልኩ። በጆንያ አደረጓት ልጄ። እኔ ከፈኔን ታቅፌ ቆሜ አየሁ።"

አቡጀዲ ሱቅ ሲገባ እገዛለሁ፣ ካልገባም ከእትዬ ተሾመች እለምናለሁ፣ ነገ ጠዋት፣ ሁሉንም እነግራታለሁ አልኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። "አብሽሪ። አፉ ብዬሻለሁ፤ ገና ጓዙን የፈታሁት ቀን ነው ያልኩሽ። ከሦስት ወር ወዲህ ያ ጨርቅ ጥሩ እንቅልፍ አላስተኛኝም ነበር። ጀሊሉ ወሰደልኝ። ድመት እንደሆነች ንጹሕ ናት፣ እሷም ሙቀት ትፈልጋለች። እኔን እንደ ሂንድ አድርጉኝ፤ ወዲያ ስንገናኝ እንዳላፍራት። አቡጀዲ ከገዛሽ ለልጆችሽ ስፊበት።" ከዚያ ወደ አጥሩ በአገጫቸው አመለከቱ። "ከደረቁልሽ አምጫቸውና አጋጥመሽ ስፊልኝ። ለተብርሃን ቤት ሰው መጥቶ ሳያየን ዛሬውኑ ይለቅ።"

ጆንያዎቹ ደርቀው ነበር። አመጣኋቸውና የአንዱን ሥር፣ የሌላውንም ሥር ተረተርኩ። አክስቴ ቁርበታቸው ላይ ተጋደሙ፤ እግራቸውን ገጠሙ፣ እጃቸውን ጎናቸው ላይ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ለኪኝ፣ እንዳያጥር" አሉ። ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ። ጫፉ ላይ የድመቷ ፀጉር ተጣብቆበታል፤ በጥፍሬ አነሳሁትና ከራሳቸው ጀምሬ እስከ ተረከዛቸው ዘረጋሁ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ቁጥሩን ማንበብ አቃተኝ።

"ስንት ሆነ?" አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ይበቃዎታል" አልኳቸው።